ማለስለሻው ለዕቃ፣ ማጣሪያው ለጉሮሮ፦ በወልቂጤና በቡታጅራ ቤቶች ሁለቱን አጣምሮ የመጠቀም መመሪያ

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ቤት ሠርተው የገቡ ብዙ ሰዎች ስለ ውሃቸው የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ሳሙናው እንደ ልብ አረፋ አይሰጥም፣ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ የቦይለሩ ማሞቂያ ሳይቆይ ይቃጠላል። መፍትሔ ፍለጋ ሲወጡ ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ ያገኛሉ፤ ማለስለሻና ማጣሪያ። አንዱ ማጣሪያ ይገዛል፤ ቅርፊቱ ግን አይቀርለትም። ሌላው ማለስለሻ ያስገጥምና «ውሃዬ ተጣራ» ብሎ ልጆቹን ያጠጣበታል። ሁለቱም ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ዕቃው በማይሠራው ሥራ ላይ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው። ማለስለሻ ሪዚን በሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች አማካይነት ውሃው ውስጥ የሟሟውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ ጀርም አይገድልም፣ ፍሎራይድ አያወጣም። ማጣሪያ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ደለልን፣ ክሎሪንን፣ ሽታን ወይም ጀርምን ያስወግዳል፤ ተራው ማጣሪያ ግን የሟሟ ካልሲየምን አይነካም። ስለዚህ ማለስለሻው ለዕቃዎ፣ ማጣሪያው ለጉሮሮዎ ነው ብለው ይያዙት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁለቱን በአንድ ቤት ማጣመርን ያሳያሉ፤ ከዚያም በፊት ሁለቱም በእርግጥ ያስፈልጉዎት እንደሆነ ለመወሰን ይረዱዎታል።

ደረጃ 1፦ ውሃዎን ይወቁ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቀሪውን ሁሉ በግምት ይሠራል። ውሃው ከጎረቤት ጎረቤት ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ከከተማው መስመር፣ ሌላው ግቢው ውስጥ ካስቆፈረው ጉድጓድ፣ ሌላው ውሃ ሲጠፋ ከቦቴ ይቀዳል። ሦስቱም አንድ ሮቶ ውስጥ የሚገናኙበት ቤትም አለ። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱን ምንጭ ለየብቻ ይፈትሹ።

በቤት ውስጥ በሦስት ቀላል ሙከራዎች ይጀምሩ።

የሳሙና ሙከራ፦ ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ይውሰዱ። አንዱን የቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን የዝናብ ውሃ እስከ ግማሽ ይሙሉ። የዝናቡን ውሃ የሚቀዱት የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን አጥቦ ካለፈ በኋላ ይሁን። ሁለቱም ውስጥ እኩል መጠን ያለው የተፈቀፈቀ ደረቅ የልብስ ሳሙና ይጨምሩና ይበጥብጡ። የዝናቡ ውሃ ወፍራም አረፋ ሰጥቶ የቧንቧው እንደ እርጎ የተቆራረጠ ነጭ ነገር ብቻ ካንሳፈፈ፣ ውሃዎ ከባድ ነው። የዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ በከባድ ውሃም አረፋ ስለሚሰጥ ያሳስትዎታል።

የአቼቶ ሙከራ፦ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የተጋገረው ቅርፊት ላይ ጥቂት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያንጠባጥቡ። ከተፍለቀለቀ ቅርፊቱ የካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለስለሻ የሚመለከተው ይህንን ነው።

የሌሊት ሙከራ፦ ውሃውን በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ቀድተው እስከ ጠዋት ይተዉት። ሲቀዳ ጠርቶ ጠዋት ቡናማ ዝቃጭ ከተገኘበት ብረት አለው። ይህ ለማለስለሻው ትልቅ ጠላት ስለሆነ ወደፊት እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ላቦራቶሪ ይሂዱ። በመጀመሪያ የከተማዎን የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የመስመር ውሃ ተጠቃሚ ከሆኑ በቅርቡ የተመረመረ ውጤት ሊኖረው ይችላል። የወልቂጤ ነዋሪ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ከውጭ ናሙና ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት የውሃ ምርመራ ያደርጋል። የሚያስመረምሩት እነዚህን ይሁን፦ ጠቅላላ ሃርድነስ (የካልሲየምና የማግኒዥየም ድምር)፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ፒኤች፣ ቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ሁሉ ድምር) እና ኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚጠቁም ጀርም)። ለጀርም ምርመራ የሚሆነውን ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ይውሰዱ፤ ናሙናውን በበረዶ ይዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። ከወልቂጤ አዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ማለዳ ቀድቶ በዚያው ቀን ማስረከብ ይቻላል።

የተለመደ ስሕተት፦ ሻጩ ውሃው ውስጥ የቲዲኤስ ሜትር ነክሮ በሚያሳየው ቁጥር ብቻ መወሰን። መሣሪያው የሟሟውን ሁሉ ደምሮ ይገምታል እንጂ የሟሟው ካልሲየም ይሁን ሶዲየም ወይም ፍሎራይድ አይለይም። ማለስለሻ በትክክል ሲሠራም ይህ ቁጥር ብዙም አይቀንስም፤ ምክንያቱም አንዱን በሌላው ይተካል እንጂ አያወጣም።

ደረጃ 2፦ ውጤቱን ያንብቡና ይወስኑ

ጠቅላላ ሃርድነስ በሊትር በሚሊ ግራም ይጻፋል። ከ60 በታች ለስላሳ ነው፤ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ከባድ፣ ከዚያ በላይ በጣም ከባድ ይባላል። ከ120 በታች ከሆነ ማለስለሻ አይግዙ፤ ማንቆርቆሪያውን በወር አንዴ በአቼቶ ማጠብ ይበቃዎታል። ከ121 እስከ 180 ባለው ውስጥ ውሳኔው ቤትዎ ውስጥ ባለው ዕቃ ላይ ይመሠረታል። ቦይለርና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለዎት ያዋጣል፤ ከሌለዎት አያዋጣም። ከ180 በላይ ከሆነ ማለስለሻው የቦይለርዎን ዕድሜ በማራዘምና ሳሙና በመቆጠብ ዋጋውን ይመልሳል።

ከባድ ውሃ ለጤና ጠንቅ አለመሆኑን ይወቁ። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። ለጤናዎ የሚያሳስብዎት ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ናቸው።

ፍሎራይድ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ቡታጅራ ያለችው ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ሲወርዱ ፍሎራይድ የበዛባቸው ጉድጓዶች ያጋጥማሉ። በስምጥ ሸለቆ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ፍሎራይድ የሚበዛው ብዙ ጊዜ ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ውስጥ ነው፤ ካልሲየም ሲኖር ፍሎራይዱን ይዞ ይረጋልና። ስለዚህ ሳሙና ጥሩ አረፋ የሚሰጥበት፣ ቅርፊት የማይጋግር «ጥሩ» ውሃ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዝ ሊሆን ይችላል። ከግል ጉድጓድ የሚጠጣ የቡታጅራና የአካባቢዋ ሰው የፍሎራይድን ምርመራ በምንም ምክንያት አይለፈው።

ናይትሬት፦ ገደቡ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። መጸዳጃ ወይም በረት አጠገብ በተቆፈሩ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ይገኛል፤ ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አደገኛ ነው። ማፍላት አያጠፋውም።

ኢ. ኮላይ፦ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም።

ደረጃ 3፦ የማለስለሻውን መጠን ያስሉ

መጠኑን ሻጩ እንዲገምትልዎ አይተዉ። ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው የሚያስፈልጉት፦ በቀን የሚለሰልሰው ውሃ በሊትር፣ የውሃው ሃርድነስ እና የሪዚኑ መጠን። አንድ ሊትር ሪዚን በመጠነኛ ጨው ሲታደስ ወደ 50 ግራም የሚሆን ሃርድነስ ይይዛል።

ምሳሌ እንውሰድ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለሻወርና ለልብስ ማጠቢያ በቀን 200 ሊትር ለስላሳ ውሃ ይፈልጋል እንበል። ሃርድነሱ 250 ከሆነ፣ 200 ሊትር በ250 ሚሊ ግራም ሲባዛ በቀን 50 ግራም ይመጣል። 10 ሊትር ሪዚን 500 ግራም ስለሚይዝ 10 ቀን ይሠራል። መጠባበቂያ ትተው በየ8 ቀኑ ያድሱት። የግቢውን፣ የመጸዳጃውንና የወጥ ቤቱን ውሃ ጭምር አለስልሳለሁ ካሉ ግን ፍጆታው በቀን 400 ሊትር ይደርሳል፤ ያው ዕቃ በ5 ቀን ያልቅበታል፣ የጨው ወጪውም እጥፍ ይሆናል።

የተለመደ ስሕተት፦ «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ከልክ በላይ የሆነ መግዛት። ሳይታደስ ለሳምንታት የሚቆም ሪዚን ጀርም የሚራባበት እርጥብ አልጋ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ሮቶውንና ግፊቱን ያስተካክሉ

በሁለቱም ከተሞች ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች አሉ፤ የወልቂጤ የውሃ እጥረትማ አደባባይ የወጣ ጉዳይ ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን በቀጥታ ከቆጣሪው መስመር ላይ አያስገጥሙ። መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይገባል፤ ውሃው ሲመለስ የደረቀ ደለል ይዞ በኃይል ይመታል። ውሃው መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ ይግባ፣ ከሮቶ በፓምፕ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ መሣሪያዎቹ ይሂድ።

ፓምፑ ለምን አስፈለገ? አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው። 4 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ስለዚህ 0.4 ባር ብቻ ይሰጣል። የቤት ማለስለሻ ግን በትክክል ለመታጠብና ጨው ለመሳብ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ባር ይፈልጋል። ግፊቱ ሲያንስ ውሃው ሳይለሰልስ ማለፉ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ጨዉ በደንብ ሳይታጠብ ይቀርና ሻወር ላይ ጨዋማ ውሃ ያገኛሉ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያስገጥሙ፤ ደረቅ የሠራ ፓምፕ ወዲያው ይቃጠላል።

ውሃዎ ብረት ካለው ሮቶው ራሱ የመጀመሪያው ማጣሪያ ሊሆንልዎ ይችላል። የመግቢያውን ቧንቧ ከላይ አድርገው ውሃው እየተረጨ እንዲወድቅ ያድርጉ፤ ብረቱ አየር ሲያገኝ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። መውጫውን ከሮቶው ወለል በአንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ያውጡ፤ ዝቃጩን የሚያስወጡበት ሌላ ቫልቭ ከታች ይኑርዎት።

መሣሪያዎቹን የሚያስቀምጡበት ቦታ ጥላ ያለው፣ ወለሉ የተስተካከለ፣ የፍሳሽ መውጫ የቀረበው ይሁን። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ግልጽ የማጣሪያ ቤት ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ ላስቲኩም ይሰነጠቃል።

ደረጃ 5፦ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ

ትክክለኛው ሰልፍ ይህ ነው፦

1. ሮቶ
2. ፓምፕ
3. የደለል ማጣሪያ
4. ማለስለሻ
5. የወጥ ቤት ማጣሪያ (አርኦ፣ ማለትም ውሃን በስስ ሽፋን የሚያጣራው ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ከሆነ፤ ካርቦን ወይም ሴራሚክ ከሆነ ግን በደረጃ 6 እንደሚታየው ከማለስለሻው በፊት ከሚወጣ መስመር)

የደለል ማጣሪያው ከማለስለሻው በፊት የሚመጣው ጭቃና ዝገት የሪዚኑን ፍሬዎች ሸፍኖ ሥራ እንዳያስፈታቸው ነው። በክረምት ውሃው ሲደፈርስ ይህ ካርትሪጅ ቶሎ ይሞላል፤ ስለዚህ 20 ማይክሮን የሆነውን መርጠው ሁለት መለዋወጫ ቤት ውስጥ ያስቀምጡ። የካርቦን ማጣሪያውን ደግሞ ለቤቱ ሁሉ ከፊት አያስገጥሙ። ካርቦን ክሎሪኑን ያወጣል፤ ክሎሪን ያጣ ውሃ ሪዚኑ ውስጥና ቧንቧው ውስጥ ሲቆም ጀርም ይራባበታል። የከተማ ውሃ ላይ ያለውን አነስተኛ ክሎሪን ሪዚኑ ይችለዋል። ካርቦን ቦታው መጨረሻ ላይ፣ ሊጠጡ በተቃረቡበት ቦታ ነው።

በእያንዳንዱ መሣሪያ ግራና ቀኝ ቫልቭና ዩኒየን፣ በላይ ደግሞ መሣሪያውን ዘሎ የሚያልፍ መስመር ያስገጥሙ። ቧንቧ ሠራተኛው «ዕቃ ይበዛል» ቢልዎትም አጥብቀው ያስሠሩት። ዘሎ የሚያልፈው መስመር ከሌለ አንዲት ጎሚኒ ስትበላሽ ቤቱ በሙሉ ውሃ ያጣል።

ደረጃ 6፦ መስመሮቹን ይለያዩ

ይህ የመመሪያው ዋና ነጥብ ነው። ለስላሳ ውሃ የሚሄድበትንና የማይሄድበትን አስቀድመው ካልለዩ ቀሪው ድካም ከንቱ ነው።

ለስላሳ ውሃ የሚሄደው ወደ ቦይለሩ፣ ወደ ሻወሩ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ነው።

ለስላሳ ውሃ የማይሄደው ወደ መጸዳጃው ማጠራቀሚያና ወደ ግቢው ቧንቧ ነው። እንሰቱን፣ ጎመኑን፣ አቮካዶውን በለሰለሰ ውሃ አያጠጡ። ሶዲየም ሲከማች አፈሩ ይጣበቃል፣ ውሃ ማስረግ ያቅተዋል፣ ሥሩም ይጎዳል።

የወጥ ቤቱ የመጠጥ ቧንቧስ? መልሱ በሚገዙት ማጣሪያ ይወሰናል። እያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም ሃርድነስ ሲለሰልስ ውሃው ላይ 46 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይጨምራል። ሃርድነሱ 250 በሆነ ቤት ይህ በሊትር 115 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለጤናማ ሰው ብዙ አይደለም፤ ጨው ቀንስ ለተባለ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛና የዱቄት ወተት ለሚበጠበጥለት ሕፃን ግን አይመከርም። ካርቦንም ሴራሚክም ሶዲየምን አያወጡም። ስለዚህ የወጥ ቤት ማጣሪያዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ከማለስለሻው በፊት ከሚወጣ መስመር ያገናኙት። አርኦ ከሆነ ግን ከማለስለሻው በኋላ ያገናኙት። አርኦ ሶዲየሙን አብዛኛውን ያስወግዳል፤ ማለስለሻው ደግሞ በተራው የአርኦውን ስስ ሽፋን ከካልሲየም ቅርፊት ይጠብቀዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች በእርግጥ የሚደጋገፉት እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ የወጥ ቤቱን ማጣሪያ እንደ ችግርዎ ይምረጡ

ችግሩ የክሎሪን ሽታና ጣዕም ብቻ ከሆነ ካርቦን ይበቃል።

ችግሩ ጀርም ከሆነ ሴራሚክ ማጣሪያ ወይም የአልትራቫዮሌት መብራት ያስፈልጋል። መብራቱ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሲኖርና ውሃው ሲጠራ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ውሃው ሳይታከም እንዳያልፍ የሚዘጋ ቫልቭ ያለው ይግዙ። መጠባበቂያ እንዲሆንዎ እንደ ውሃ አጋር ወይም አኳታብ ያለ የክሎሪን ማከሚያ ቤት ውስጥ አይጥፋ። ውሃው ደፍርሶ ከመጣ ግን መጀመሪያ ያጥልሉት፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ክሎሪን አቅሙ ይዳከማል።

ችግሩ ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ከሆነ ካርቦን፣ ሴራሚክ፣ መብራት፣ ማፍላት አንዳቸውም አይረዱዎትም። ማፍላትማ ውሃውን እያተነነ ፍሎራይዱን ያከማቻል። ሁለቱንም የሚያስወግደው አርኦ ነው። ለፍሎራይድ ብቻ ከሆነ በስምጥ ሸለቆ ጥቅም ላይ የዋለው የአጥንት ከሰል ማጣሪያም ይሠራል፤ ከሰሉ ግን ጊዜው ሲያልፍ መያዝ ስለሚያቆም ውሃውን በየጊዜው ማስመርመር ግድ ነው።

አርኦ ሲገዙ ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ የራሱ ማበርቻ ፓምፕ ያለው ይሁን፤ ሽፋኑ ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ አንድ ሊትር አጣርቶ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሊትር ወደ ፍሳሽ ይለቃል። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሳምንት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የሚጣለውን ባልዲ ውስጥ ያጠራቅሙና ለወለልና ለመጸዳጃ ያውሉት።

ደረጃ 8፦ ጨዉንና ማደሱን ይልመዱ

ሪዚኑ ሲሞላ በጨው ውሃ ይታደሳል። 10 ሊትር ለሚሆን ሪዚን ወደ 1.2 ኪሎ ጨው ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ያህል ጨው ብቻ ስለሚያሟሟ ለዚህ ጨው ከ3.5 ሊትር ያላነሰ ውሃ ያዘጋጁ።

ገበያ ላይ የምናገኘው ጨው አብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣ ነው። ለማለስለሻ ጥሬውን ንጹሕና ነጭ ጨው ይምረጡ። ደቃቁ የገበታ ጨው የማለስለሻው የጨው ታንክ ሥር ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል። አፈር የቀላቀለ ጨው ደግሞ የጨው መሳቢያዋን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ያገኙት ይህንን ብቻ ከሆነ በተለየ ባልዲ ያሟሙት፣ ለአንድ ሌሊት ያስረጉት፣ ጠዋት ከላይ ያለውን በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ወደ ታንኩ ይገልብጡ።

አሠራሩ በእጅ ለሚታደስ ዕቃ እንዲህ ነው፦

1. ሮቶው ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ። ማደሱ እስከ 150 ሊትር ውሃ ሊወስድ ስለሚችል ውሃ በሚጠፋበት ቀን አይጀምሩ።
2. ወደ ቤት የሚሄደውን መስመር ዘሎ በሚያልፈው መንገድ ያዙሩ።
3. ውሃውን ከታች ወደ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል በመልቀቅ ሪዚኑን ይጠቡ፤ ፍሳሹ እስኪጠራ ይጠብቁ።
4. የጨዉን ውሃ ቀስ ብሎ እንዲሳብ ያድርጉ። ከ30 ደቂቃ ባነሰ አያስቸኩሉት፤ ጨዉ ሪዚኑን ለመቀየር ጊዜ ይፈልጋል።
5. መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በፍጥነት ያለቅልቁት። ፍሳሹን ቀምሰው ጨው ጨው ማለቱን ሲያቆም መስመሩን ይመልሱ።

አውቶማቲክ ከሆነ ሰዓት ተከትሎ ሳይሆን የፈሰሰውን ውሃ ቆጥሮ የሚታደሰውን ይግዙ። በሰዓት የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይዛባበትና እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሻወር ውስጥ ሳለ መታደስ ይጀምራል።

የጨዉ ፍሳሽ ወደ እንሰቱም ወደ ጉድጓዱም አይሂድ። የፍሳሹን ቱቦ ጫፍ ፍሳሹ ውስጥ አይንከሩት፤ ቢያንስ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ካልሆነ ግፊት ሲጠፋ ቆሻሻው ተስቦ ወደ መሣሪያው ሊመለስ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ከመጠቀምዎ በፊት ያጽዱና ይሞክሩ

አዲስ መስመር ሲዘረጋ አቧራና የቧንቧ ፍቅፋቂ ውስጡ ይቀራል። መጀመሪያ ማለስለሻውንና የወጥ ቤቱን ማጣሪያ ዘግተው፣ የደለሉን ካርትሪጅ አውጥተው፣ ሮቶውን ይጠቡ። ከዚያ 1,000 ሊትር ለያዘ ሮቶ 5 በመቶ የሆነ ሽታ የሌለው በረኪና 1 ሊትር ይጨምሩ፤ በየቧንቧው የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ያፍስሱ፤ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ይተዉት፤ ቢያድር የተሻለ ነው። በዚያ ጊዜ ማንም አይጠጣ፣ አይታጠብበት። በመጨረሻ ሽታው እስኪጠፋ አፍስሰው ይጨርሱት። መሣሪያዎቹን የምንዘጋው እንዲህ ያለ ኃይለኛ ክሎሪን ሪዚኑንም የአርኦውን ሽፋንም ስለሚያበላሽ ነው።

ከዚያ የደለሉን ካርትሪጅ መልሰው መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ። አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ይሰጣል፤ እስኪጠራ ያፍስሱ። የሳሙናውን ሙከራ በሻወሩ ውሃ ይድገሙ፤ አሁን እንደ ዝናቡ ውሃ አረፋ መስጠት አለበት። የመጠጡን ውሃ ደግሞ አንድ ጊዜ መልሰው ላቦራቶሪ ያስመርምሩ። ዓይንም ምላስም ፍሎራይድንና ጀርምን አያውቁም።

ደረጃ 10፦ የጥገና ልማድ ያብጁ

በየሳምንቱ፦ የሻወሩን ውሃ በሳሙና ይሞክሩ፤ የጨዉን ታንክ ይመልከቱ።

በየወሩ፦ የደለል ካርትሪጁን ይመልከቱ። ቡናማ ሆኖ ግፊቱ ከቀነሰ ይቀይሩ። በክረምት ከዚህ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

በየ6 ወሩ፦ ካርቦኑን ይቀይሩ፣ ሮቶውን ይጠቡ። የሴራሚኩን ሻማ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠቡ፤ ሳሙና አይንካው።

በየዓመቱ፦ ውሃውን ያስመርምሩ፣ የአልትራቫዮሌቱን አምፖል ይቀይሩ። አምፖሉ ቢበራም ጀርም የመግደል ኃይሉ በዓመት ውስጥ ይደክማል።

ለጉራጌ ቤተሰብ ለብቻው መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው አገር ቤት የሠራው ቤት ዓመቱን ተዘግቶ ይከርምና ለመስቀል ይከፈታል። መስከረም አጋማሽ ላይ ቤቱ በአንድ ቀን በእንግዳ ይሞላል፤ ያ ሁሉ ሰው የሚጠጣው ውሃ ግን ለወራት ቆሞ የከረመ ነው። ቤቱን ሲዘጉ ማለስለሻውን አድሰው፣ ሮቶውን አራግፈው፣ የካርቦንና የደለል ካርትሪጆችን አውጥተው ይሂዱ። ከመስቀል በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ አንድ ሰው ይላኩ፤ ሮቶውን ጠቦ በበረኪና ያጽዳ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ያፍስስ፣ ማለስለሻውን ሁለት ጊዜ ያድስ፣ አዲስ ካርትሪጅ ያስገባ። በበዓሉ ሰሞን የቀን ፍጆታው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚሆን በደረጃ 3 ያሰሉትን የማደሻ ቀን በዚያው ልክ ያሳጥሩ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ

አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊገዛ አይችልም፤ መግዛትም የለበትም። ተራው ግን ይታወቅ። መጀመሪያ የምርመራውን ዋጋ ይክፈሉ፤ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ የማያስፈልግ ዕቃ ከመግዛትም ያድንዎታል። ቀጥሎ ሮቶውን ያጽዱ፣ ክዳኑን ይግጠሙ፣ የደለል ማጣሪያ ያስገቡ። ሦስተኛ፣ ምርመራው ያሳየውን ችግር የሚፈታ የመጠጥ ማጣሪያ ይግዙ። ማለስለሻው የመጨረሻው ነው።

ማለስለሻው እስኪገዛ ድረስ ለቦይለሩ በዓመት አንዴ ባለሙያ ጠርተው ማሞቂያውን አስወጥተው በአቼቶ ያስጠርጉት፤ ለልብስ በክረምት የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙ። ፍሎራይድ የተገኘበት ጉድጓድ ያለው ሰውም ከንጹሕ ቆርቆሮ የተቀዳ፣ የተጣራና የፈላ የዝናብ ውሃ ለልጆቹ መጠጥ ማዋል ይችላል፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። የተቃጠለ ቦይለር በገንዘብ ይተካል፤ በልጅነቱ የበለዘ ጥርስ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ብሩን ሲመድቡ ይህንኑ ልዩነት ይዘው ይመድቡ።